አምስት የታጠፉ ሚስማሮች

ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች፣ «ዛሬ ካልነገርካቸው እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ነገር ግን በእኛ መኝታ ቤትና በወንድም ጋሼ ክፍል መሃል ያለው ግድግዳ እኔው በገዛ እጄ ያቆምኩት ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እንኳን ንግግር ማዛጋት ያሳልፋል። ከወዲያ በኩል ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ወንድም ጋሼ ፊቱን እየታጠበ ነው። ውሃው ጸጥ ሲል እኛም ጸጥ አልን፤ እንደገና መንቦጫረቅ ሲጀምር እሷም ቀጠለች። «ልጃቸው ቅዳሜ መኪና ይዛ ትመጣለች። ሻንጣ የሚያስሩበት ጊዜ እንኳ አትንፈጋቸው።» «እነግረዋለሁ አልኩ እኮ!» ብዬ ተነሳሁ። ይህን «እነግረዋለሁ» ማለት ከጀመርኩ ሳምንት ሊሆነኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድም ጋሼ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ ሃምሳ ስምንት። የእንጨት ሥራ ሱቁ የአባታችን ነበር፤ አሁን ወረቀቱ በእኔ ስም ነው። እሱ በእኔ ሥር ሲሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ የሚኖረው ከእኛው ጋር ነው። ካቻምና ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ጥርሱን ይመታዋል። ባለፈው ሳምንት የቁም ሳጥን በር ሲልግ መላጊያው አመለጠውና ደንበኛው ቆሞ እያየ በሩን ከላይ እስከ ታች ሸረከተው። ያን ዕለት እኔና ባለቤቴ ተነጋገርን፣ ለልጁም ደወልን። ልጁ ደግ ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ «ከልጆቹ ጋር ይተኛል፣ ምን ችግር አለው» አለችን። ሁላችንም ተስማማን። ያልተጠየቀው ወንድም ጋሼ ብቻ ነው።

ቁርስ ላይ እንደ ልማዱ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ በላ። ባለቤቴ በቅንድቧ ወደ እሱ ጠቆመችኝ። እኔ ስለ ኮላ መወደድ አወራሁ። ኮላ አንድ ቆርቆሮ በስድስት ወር ውስጥ እጥፍ ሆኗል፤ ብርጭቆ ወረቀትም ጨምሯል፤ ስለ ብርጭቆ ወረቀትም አወራሁ። ወንድም ጋሼ የመጨረሻውን ጉንጭ ሲውጥ «ዛሬ ምን ሥራ አለን?» አለ። «አለን» ማለቱ ከነከነኝ። «ያው የወንበር እግሮቹን ታሻለህ» አልኩት፣ ወደ ሱቅ ሄድን።

ሱቁ ከቤቱ ፊት ለፊት መንገድ ዳር ነው። እንደገቡ በስተቀኝ የጣውላ ክምር፣ በስተግራ መጋዙ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ብርሃን የማያጣው ትልቁ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው የእኔ ነው። ወንድም ጋሼ የሚቀመጠው ከቀለም ቆርቆሮዎቹ አጠገብ፣ ጥጉ ውስጥ ባለች ዱካ ላይ ነው፤ እዚያ ሆኖ ያሻል፣ ሚስማር ያቃናል፣ ሰጋቱራ ይጠርጋል። ሦስተኛዋ ቀቢዋ ናት፤ ቫርኒሽ እየቀባች የምትዘፍን፣ ምላሷ ከብሩሿ የሚፈጥን ወጣት ሴት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነጭ ሹራብ የደረበች ሴትዮ ከታክሲ ወርዳ፣ የእንጨት ፈረስ እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባች። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ከዚያው መምጣቷ ነው። ፈረሱ ልጆች ተቀምጠውበት የሚወዛወዙበት ዓይነት ነው፤ ሆዱ ሥር ሁለት የተቆለመሙ እንጨቶች አሉት፣ ቀለሙ አመድማ ሆኖ ነጠብጣብ ነበረበት፣ ኮርቻው ቀይ ቆዳ ነው፣ ከጋማው የቀረው አንድ እፍኝ ነው። የፊት አንድ እግሩ ከትከሻው ተገንጥሎ በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ ለብቻው መጥቷል። «የታናሽ ወንድሜ የልጅ ልጅ መቆም ጀመረ» አለችኝ። «ወንድሜ ራሱ ልጅ ሆኖ የተቀመጠበት ነው። አርባ ምናምን ዓመት ዕቃ ቤት ተኝቷል። ድሮ አንዴ ተጠግኖ ነበር።»

በእኛ ሙያ አንድ የቆየ ልማድ አለ። የተጠገነ ዕቃ እጅህ ሲገባ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ከአንተ በፊት የነካውን ሰው መስደብ ነው። ሐኪሞችም እንዲሁ ያደርጋሉ ይባላል፤ እኔ ግን የማውቀው አናጢዎችን ነው። ራስን ማወደስ ነውር ስለሆነ፣ ሌላውን በማዋረድ ደንበኛው ራሱ ሒሳቡን እንዲሠራ ታደርጋለህ። እኔ ደግሞ በዚህ የተካንኩ ነኝ። የተሰበረውን ቦታ ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ከስብራቱ ውስጥ የዛጉ ሚስማሮች ጥርሳቸውን አግጥጠው ወጥተዋል። «እግዚኦ!» አልኩ። «ይሄን የሠራው ሰው አናጢ ነው ወይስ ሥጋ ሻጭ? እግር እኮ በእንጨት ሚስማር ነው የሚያያዝ፤ ብረት የነዳህበት ዕለት እንጨቱን ሰነጠቅከው ማለት ነው። ይሄ ሰው አጥር መስሎት ነው የቸነከረው። እጁን አምጥተው ሞርሳ ውስጥ ቢያጠብቁልኝ!» ቀቢዋ ከት ብላ ሳቀች። ሴትዮዋም ፈገግ አለች፣ የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈተችና ተወችው። የሳቁን ሞቅታ ወድጄው ስለነበር ጨመርኩበት፤ ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም መጻፍ አልፈልግም። ሴትዮዋ ዋናውን ቀለም የሚያሳይ የድሮ ፎቶ ቤቷ እንዳለ ነግራኝ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይዛ ልትመለስ ሄደች።

እሷ እንደወጣች ወንድም ጋሼ ከዱካው ተነስቶ መጣ። ፈረሱን ጀርባውን ዳሰሰው። ከዚያ፣ ለዓመታት ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ። «ይሄን እኔ ልሥራው» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ዓይኔንም አላየኝም። እጁን አየሁት፤ ፈረሱ ጀርባ ላይ እንኳ አርፎ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ሰው ሆኜ መልስ መስጠት እችል ነበር። ቀቢዋ እያየችኝ ስለነበር ግን ቀልደኛነቴን ማቋረጥ አልፈለግሁም። «ወንድም ጋሼ፣ አንተማ ከነካኸው ፈረሱ ያለ ሞተር ሲወዛወዝ ይኖራል» አልኩት። ቀቢዋ በዚህኛው አልሳቀችም። እሱ «እሺ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፣ የወንበር እግር አነሳና ማሸት ጀመረ። ብርጭቆ ወረቀቱ ሽው ሽው ይላል፤ በየመሃሉ እጁ ሲያመልጠው ይቋረጣል፣ እንደገና ይቀጥላል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሱቁ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ምሳዬን ቤት በላሁ። ባለቤቴ «ነገርካቸው?» አለችኝ፤ «ከሰዓት» አልኳት። ስመለስ ወንድም ጋሼ ከመስኮቱ ሥር፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጉጠት ይዟል። ከፈረሱ ትከሻ ሚስማር ሊነቅል ይታገላል፤ ጉጠቱ እየተንሸራተተ ያን የመሰለ ግራጫ አንገት ሦስት ቦታ ቧጭሮታል። በግንባሩ ላብ ይወርዳል። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ይመስል ደንግጦ ቀና አለ። «አልኩህ አይደለም እንዴ! አልነገርኩህም?» ብዬ ጮህኩ። «የሰው ዕቃ ነው የምታበላሸው! ስንቴ ነው በአንተ ፈንታ ይቅርታ የምለምነው?» ጉጠቱን ከእጁ ነጠቅሁት። ይህም ሳይበቃኝ፣ ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የነበረውን ነገር በዚያው ንዴት ተፋሁት። «ቅዳሜ ልጅህ መጥታ ትወስድሃለች። ተነጋግረን ጨርሰናል። ከእንግዲህ ሱቅ ሱቅ እያልክ አትጨነቅ።» ቀቢዋ ብሩሿን ቆርቆሮው ውስጥ እንደነከረች ቀረች። ወንድም ጋሼ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «እሺ» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ሚስማሮቹን ግን እኔ ብነቅላቸው ጥሩ ነበር» አለና ወደ ጥጉ ሄደ።

ሥራዬን ጀመርኩ። ሰው ሲቆጣ እጁ ይፈጥናል። ትከሻው ላይ ያለውን አሮጌ ቀለም በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ አርጥቤ ፋቅሁት፤ ከሥሩ ሚስማሮቹን ለመደበቅ የተለጠፈ ነገር ተገለጠ፣ ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ የተጠቀጠቀበት። እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ቀቢዋ ነገሩ ይቀዘቅዝ እንደሆነ ብላ ይመስለኛል፣ መጥታ ከትከሻዬ በላይ አየችና «ውይ ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬም እንደ እርስዎ ነው» አለችኝ። «ምኑ?» «በአውራ ጣቱ ነው የጠቀጠቀው። ይኸው አሻራው። ስንቴ ነው በስፓቱላ ያድርጉት ያልኩዎት? ጠርዙን ስለምቀባው እኔ እኮ ነኝ የማውቀው።» ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልስኑ ላይ አምስት ጉድጓዶች አሉ፤ በየጉድጓዱ መሃል የአውራ ጣት መስመሮች እስካሁን ይታያሉ። ጣቱ ትንሽ ነው፣ የልጅ ጣት። አባታችን ይህን ነገር እንደ ኃጢአት ነበር የሚያየው። ከሱቃችን ሰው ሁሉ በዚህ ጥፋት የሚቆጣው አንድን ልጅ ብቻ ነበር።

መሮ አምጥቼ ልስኑን ፈለቀቅሁት። እጄ ፍጥነቱን ቀንሷል። ከሥሩ አምስት ሚስማሮች ወጡ፤ አምስቱም አልገባ ብለው ታጥፈዋል፣ አምስቱም ወደ አንድ ጎን። በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ሚስማር ሲታጠፍበት ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል፤ በግራው የሚመታ ወደ ተቃራኒው። ይህን ማንም አናጢ ያውቀዋል፣ ሚስማር ሲያቃና ማን እንደመታው ሳይጠይቅ ይለያል። እነዚህ የግራኝ ናቸው። ከአባታችን ጀምሮ እዚህ ሱቅ ውስጥ መዶሻ ከያዙት ሰዎች ግራኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ግራኙ አናጢ» ነው የሚለኝ። ጠረጴዛውን ተደገፍኩ።

ከዚያ በኋላ ትዝታው ሳልጠራው መጣ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባታችን ጣውላ ሊገዛ ሌላ ከተማ ሄዷል። ፈረሱን ለወንድም ጋሼ ሰጥቶት ነው የሄደው፤ ወንድም ጋሼ ግን ሚስቱ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ነው። ሲወጣ «ፈረሱን እንዳትነካ፣ መጥቼ በእንጨት ሚስማር አስረዋለሁ» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጉድ ላሰኛቸው ፈለግሁ። በአንድ ከሰዓት ቸነከርኩት፣ ለሰንኩት፣ ቀባሁት። የፈረሱ ባለቤት ሲመጣ አስረከብኩት፤ ማን እንደሠራው አልጠየቀኝም፤ «ጎበዝ!» ብሎ ጸጉሬን አሻሸኝ። ትምህርት ስለተዘጋ በማግስቱ አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ ሁለት ወር ተቀመጥኩ። ስመለስ ወንድም ጋሼ ከመስኮቱ ሥር የለም። ጥጉ ውስጥ ግንድ ይሰነጥቃል። «ሥራ አበላሽቶ አባቱ በሰው ፊት ሽርጡን አስፈታው» ብላ እናቴ ለጎረቤት ስትነግር ሰማሁ። ምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅሁም? ጠረጴዛውን ለእኔ ሰጥተውኝ ነበራ። አባታችን እስኪሞት ድረስ «የትልቁ እጅ አይታመንም» እንዳለ ነው የኖረው፤ ሱቁንም በእኔ ስም ያዞረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ራሴ ይህን ነገር ለስንት ሠራተኛ እንደ ቀልድ አውርቼዋለሁ! ለቀቢዋም ነግሬያታለሁ።

ወደ ጥጉ ሄድኩ። ከወንድም ጋሼ ፊት ቁጢጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ በስንት ዘመኔ ነው። «አንተ እኮ ፈረሱ ገና ሲገባ አውቀኸዋል» አልኩት። ማሸቱን አላቆመም። «እንጨት ይታወቃል» አለ። «ለዚህ ነው ልሥራው ያልከው።» ብርጭቆ ወረቀቱን ገለበጠው። «እኔ ሚስማሮቹን እንዳላያቸው ብለህ» አልኩት። «ሥራህን ሥራ» አለኝ። «ሴትዮዋ በአሥር ሰዓት ትመጣለች።» ሌላ ምን ልበለው? ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት በዚሁ አፍ የወጣው ነገር ገና ከክፍሉ አልወጣም። ቀቢዋ በሌለ ሥራ ተጠምዳ ንጹህ ብሩሽ ታጥባለች። ተመልሼ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኳቸውና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

ሴትዮዋ በሰዓቷ መጣች። ፎቶውን ከፖስታ አወጣች፤ አንድ ጉንጫም ልጅ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይስቃል። «ጠዋት ማሳፈር እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ፣ «ፈረሱ እኮ የተጠገነው እዚሁ እናንተ ጋ ነው።» ከዚያ ዓይኗ ጥጉ ውስጥ ካለው ሰው ላይ አረፈና ቆመች። «እርስዎ ነዎት አይደል?» ወንድም ጋሼ ሊነሳ ሲል የወንበር እግሩ ወደቀበት። እሷ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ ከዚህ ላይ ወድቆ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኚህ ሰው በማግስቱ መጡ። እናቴ በር አልከፍትም አለች፤ በሦስተኛው ቀን ከፈተች። እግሯ ላይ ወደቁ። ከዚያ ክንዱ ከጄሶ እስኪወጣ በየሳምንቱ እየመጡ አልጋው አጠገብ ይቀመጡና ከስብርባሪ እንጨት ወፍ ይቀርጹለት ነበር። አሥራ አንድ ወፎች አሉን እስካሁን።» ወንድም ጋሼ አንገቱን ደፍቶ «ጥፋቱ የእኔ ነበር እመቤቴ» አለ። «ታዲያ እኔ ልወቅስ መጣሁ? ጠዋት ወንድምዎ ያን ሁሉ ሲሉ እርስዎ እዚህ መኖርዎን ባውቅ ኖሮ አስቆማቸው ነበር።»

ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። «እሱ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ባዕድ ሆነብኝ። «የሠራሁት እኔ ነኝ።» ሴትዮዋ አየችኝ፣ ፊቷ በአንዴ ፈካ። «ተባረኩ!» አለች። «እንዲህ ያለ ወንድም ይስጥ! ለታላቅ ክብር ብሎ የሰውን ጥፋት በራስ ላይ መውሰድ ዛሬ የት ይገኛል?» ወንድም ጋሼም ቶሎ ብሎ፣ «ተይው፣ እሱ እንዲህ ነው ልቡ» አለ። አርባ አራት ዓመት የያዘውን ነገር አሁንም አልለቅም ብሏል። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ተናግሬያለሁ፣ አላመኑኝም፣ በዚያ ላይ ተመርቄያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምን እፈልጋለሁ? ፈገግታው ፊቴ ላይ ሲመጣ ተሰማኝ። የሕይወቴ ትልቁ እፍረት እሱ ነው፤ ከሚስማሮቹም፣ ከጩኸቴም በላይ ያ ፈገግታ።

ቁራጭ እንጨት ጠረጴዛው ላይ ጣልሁ። ሚስማር አቆምሁ፣ መዶሻውን በግራ እጄ ያዝሁና ልክ እንደ ጀማሪ ልጅ ዘንበል አድርጌ መታሁት። ታጠፈ። ሌላ መታሁ፣ ታጠፈ። ከአምስቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። «በቀኝ የሚመታ ሰው እንዲህ አያጥፍም» አልኳት። «ወንድሜ በቀኙ ነው የሚሠራው። ግራኙ እኔ ነኝ። አትንካ ብሎኝ ሄዶ እኔ ቸነከርኩት፤ እሱ እኔን ብሎ ወሰደው። ይሄ ሱቅ ለእኔ የደረሰኝም በዚሁ ነው።» ሴትዮዋ ሰባቱን ሚስማሮች አየች፤ ከዚያ ግራ እጄን አየች። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ። «ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?» «አሥራ አራት።» «ልጅ ነበሩ» አለች። ደግሞ፣ «ከዚያ በኋላስ?» አለች። ለመስደብ አልነበረም፤ ዝም ብላ ጠየቀችኝ። መዶሻውን አስቀመጥኩ። ፎቶውን ለወንድም ጋሼ ሰጠችው፣ «ቀለሙን እርስዎ ይዩልኝ» ብላው፣ እኔን ሳትሰናበተኝ ወጣች። ቀቢዋ ቦርሳዋን አነሳችና «ደህና እደሩ አባባ» አለች። ለወንድም ጋሼ ብቻ ነው ያለችው።

ሁለታችን ቀረን። «ምን አስቀባጠረህ?» አለኝ ወንድም ጋሼ። ተቆጥቷል፤ ሲቆጣ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖታል። «ያለቀ የደቀቀ ነገር!» ስልኬን አውጥቼ፣ «ባለቤቴ ልጅህ ጋ ትደውልና እንዳትመጣ ትንገራት» አልኩ። «ለምን አትመጣም? ትምጣ እንጂ» አለ። «ልጄን ማየት መቼ ጠላሁ። ሻንጣዬን ከጠዋት አስሬያለሁ፤ ያ ግድግዳህ እንኳን ወሬ ብርድ አይከለክልም። ብሄድም ባልሄድም ግን እኔ ነኝ የምናገረው። መኝታ ቤት ውስጥ አይወሰንልኝም።» «እሺ» አልኩ። የእሱን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ አልኩት፤ እንዴት ያለ ከባድ ቃል እንደሆነ ገባኝ።

የመስኮቱ ብርሃን ገና አልጠፋም። ወንድም ጋሼ ጥጉ ውስጥ ከተሰቀለው ሽርጥ ሰጋቱራውን አራግፎ አጠለቀ፤ ከኋላ ቋጠሮው አልሆንለት ስላለ እኔ አሰርኩለት። ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ሄደ። ዳር ይዤ ቦታውን ለቀቅሁለት። የእንጨቱን ሚስማር ራሱ መርጦ፣ ራሱ አሽቶ፣ ኮላ ቀባው። ቀዳዳውን እኔ በስቼ ነበር። «እግሩን ግጠምና ያዝ» አለኝ፣ «ሚስማሩንም በጣትህ ደግፈው። እንዳትነቃነቅ፤ እንዳታወራ።» ያዝሁ። የእንጨት መዶሻውን አነሳው፤ እጁ ከነመዶሻው አየር ላይ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ምት ሚስማሩን አገኘው፣ ግማሹ ገባ። ሁለተኛውም አገኘው። ሦስተኛው አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ጣቴን ግን ከቦታው አላነሳሁም። መዶሻውን እንደያዘ ቆመና በድንጋጤ አየኝ።

«መታሁህ እንዴ?»

«አልነካኸኝም፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። «ድገመው።»